«መድኃኒት በሰጠሁት ቁጥር ትሉ ተመልሶ ይመጣል»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምኖረው አዲስ አበባ፣ ሰሚት አካባቢ ነው። ሁለት ልጆች አሉኝ። ትልቁ 7 ዓመቱ፣ ትንሿ 3 ዓመቷ ነው። ሐምሌ 10 ገደማ ከጎረቤት ውሻ የተወለደ ቡችላ አመጣንላቸው። የተወለደው ሰኔ 3 ነው ብለውናል። ልጆቹ መከታ አሉት። ሲመጣ ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጥሮ ነበር። ሽሮፕ ገዝቼ ሰጠሁት፤ በማግስቱ ፓስታ የመሰለ ነጭ ትል ወጣው። ተገላገልን አልኩ። ሦስት ሳምንት ቆይቶ አስታወከውና ትሉ እየተላወሰ ወጣ። ያን ጊዜ የሰው ኪኒን ሩቡን ቆርጬ ሰጠሁት። ይኸው ሰሞኑን ለሦስተኛ ጊዜ መጣ። ጅራቱ ሥርም የሩዝ ፍሬ የመሰለ ነገር እያየሁ ነው። ጎረቤቴ ነጭ ሽንኩርት ስጪው ትላለች። እናቴ ኮሶ ነው የሚያወጣለት ትላለች። ባለቤቴ ደግሞ «ልጆቹን ሳያስይዝ ወደመጣበት ይመለስ» ብሏል። ግቢያችን ግማሹ ሊሾ፣ ግማሹ አፈር ነው። ትንሿ ልጄ አፈር ትቅማለች። መድኃኒቱ ፎርጅድ ይሆን? ወይስ እኔ ያጠፋሁት ነገር አለ? እንደ ታናሽ እህትዎ ቆጥረው ይምከሩኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ ከሚያሳስብሽ ነገር ልጀምር። አሁን በነገርሽኝ ሁኔታ መከታ የሚድን ቡችላ ነው። ልጆችሽም አብረውት ማደግ ይችላሉ። ባለቤትሽ ስለ ልጆቹ መስጋቱ ልክ ነው፤ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እሰጋ ነበር። ግን ቡችላው ቢሄድም እስካሁን ግቢው ላይ የጣለው የትል እንቁላል አብሮት አይሄድም። ስለዚህ መከታን ከማባረር ይልቅ ትሉን ማባረሩ ይሻላል።

መድኃኒቱ ፎርጅድ ነው ብዬ አላስብም። ትል አውጥቷል አይደል? ሠርቷል ማለት ነው። እንዲህ ያለ መድኃኒት ስንሰጥ የሚሞተው በዋናነት አንጀት ውስጥ ያለው ትል ነው። ገና በጉበትና በሳንባ በኩል እየተጓዘ ያለውን እጭ እምብዛም አያገኘውም። ያ እጭ ከሳንባ ወደ ጉሮሮ ይወጣል፣ ቡችላው መልሶ ይውጠዋል፣ አንጀት ደርሶ ያድጋል። አንቺ «ተመለሰ» ያልሽው ያንን ነው። መጀመሪያም አልሄደም ነበር። ተራውን እየጠበቀ ነበር።

ፓስታ የመሰለው የውሻ ወስፋት ነው። በሕክምናው ቶክሶካራ ይባላል። እስከ 18 ሳንቲ ሜትር ሊረዝም ይችላል። ከሰው ወስፋት ጋር ይመሳሰላል እንጂ አንድ አይደለም። መከታ ደግሞ መጀመሪያ የያዘው ካንቺ ግቢ አይደለም፤ ከእናቱ ሆድ ይዞት ነው የመጣው። እናቲቱ በሕይወቷ የዋጠችው እጭ ጡንቻዋ ውስጥ ተኝቶ ይቆያል። ሰገራዋ ቢመረመር ንጹህ ሊሆን ይችላል። ስታረግዝ ግን ይነቃል። ውሻ የምታረግዘው 63 ቀን ያህል ነው። ወደ 42ኛው ቀን ገደማ እጩ በእንግዴ ልጁ በኩል ወደ ቡችሎቹ መሻገር ይጀምራል። ከተወለዱ በኋላም በወተቷ ይጨመርላቸዋል። ቡችላው ሦስት ሳምንት ገደማ ሲሞላው ትሉ አድጎ እንቁላል ይጥላል። አንዷ ሴት ትል በቀን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ትጥላለች።

ለዚህ ነው እኛ የእንስሳት ሐኪሞች ቡችላ ባየን ቁጥር ትል እንዳለበት ቆጥረን የምንነሳው። መድኃኒቱ የሚጀመረው በተወለደ በ2 ሳምንቱ ነው። ከዚያ በ4፣ በ6ና በ8 ሳምንቱ ይደገማል። ከዚያ እስከ 6 ወሩ በየወሩ ይሰጠዋል። አድጎም ቢያንስ በየሦስት ወሩ። እናቲቱም ከቡችሎቿ ጋር አብራ ትወስዳለች። መከታ የመጀመሪያውን የወሰደው 5 ሳምንት አልፎት ነው፣ ቀጣዩም ከሦስት ሳምንት በኋላ ትል ስለታየ ብቻ የተሰጠ ነው። አንቺ ያየሽውን ትል እየተከተልሽ ነበር። ትሉን አትጠብቂው፤ ቀኑን ጠብቂ። ያጠፋሽው ነገር ካለ እሱ ብቻ ነው፣ እሱንም ማንም አልነገረሽም።

እንግዲህ ካላንደር አውርጂ። ነሐሴ 20 ሐኪም ጋ ወስደሽው መድኃኒቱን ይውሰድ። ጳጉሜ 4 ይደገም። ከዚያ መስከረም 30፣ ጥቅምት 30፣ ኅዳር 30። ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ 6 ወር ይሞላዋል። ከዚያ በኋላ በየሦስት ወሩ፣ ማለትም የሚቀጥለው የካቲት መጨረሻ ላይ ይሆናል። ሐኪሙ አይቶት ቀኑን ሊያሸጋሽገው ይችላል፤ ያኔ የእሱን ስሚ። ቀኖቹን ማክበብ ለትልቁ ልጅሽ ስጪው። የ7 ዓመት ልጅ እንዲህ ያለ ኃላፊነት ሲሰጠው አይረሳም፣ አንቺ ብትረሺ እንኳ ያስታውስሻል።

ስትሄጂ ሁለት ነገር ያዢ። አንዱ የዚያን ቀን ጠዋት የጣለው ሰገራ ነው። የአውራ ጣት ጫፍ የምታክል ይበቃል። ክዳን ባለው ንጹህ ብልቃጥ አድርጊው። አፈር የነካውን ሳይሆን ከላይ ያለውን ውሰጂ። በማይክሮስኮፕ ሲታይ የወስፋት ብቻ ነው ወይስ ሌላም አለ የሚለው ይለያል። ሁለተኛው ክብደቱ ነው። ቤት ውስጥ የሰው ሚዛን ካለሽ መጀመሪያ ብቻሽን ተመዘኚ፣ ከዚያ መከታን አቅፈሽ ተመዘኚ። ልዩነቱ የእሱ ነው። ክሊኒክ ውስጥም ይመዝኑታል፣ ግን በየሁለት ሳምንቱ ቤትሽ ጽፈሽ ብትይዢው እየዳነ መሆኑን ከሁሉም በፊት የሚነግርሽ እሱ ነው።

ክብደቱን የምፈልገው የቡችላ መድኃኒት በኪሎ ስለሚሰላ ነው። ለምሳሌ ፌንቤንዳዞል የሚባለው በኪሎ 50 ሚሊ ግራም፣ ለሦስት ተከታታይ ቀን ይሰጣል። 4 ኪሎ ለሚመዝን ቡችላ በቀን 200 ሚሊ ግራም ማለት ነው። «ሩቡን ቆርጬ» የሚባለው ነገር ግን ልኬት አይደለም። የሰጠሽው የሰው ኪኒን አልቤንዳዞል ከነበረ ደግሞ፣ በተለይ ሲደጋገም፣ የውሻን የአጥንት መቅኔ ሊጎዳ ይችላል። አንድ ጊዜ ሰጥተሽው ደህና ከሆነ አትደንግጪ። ለሐኪሙ ንገሪው፣ ሁለተኛ ግን አትስጪው። ለከብት የሚሰጠውን ትልልቁን ኪኒን ሰባብሮ መስጠትም፣ የከብት አይቨርሜክቲን መርፌ ማስወጋትም እንደዚሁ ነው። ለ300 ኪሎ በሬ የተሠራን መድኃኒት በዓይን ገምቶ ለ4 ኪሎ ቡችላ መስጠት አይቻልም። አንዳንድ ውሾች ደግሞ አይቨርሜክቲንን በተፈጥሯቸው አይችሉትም፤ ራሳቸውን ስተው ይወድቃሉ።

አሁን አንድ ነገር አድርጊልኝ። ብርሃን ያለበት ቦታ ላይ መከታን ጭንሽ ላይ አስቀምጪው። የላይ ከንፈሩን በአውራ ጣትሽ ቀስ ብለሽ ግለጪ። ድዱን እዪው። ሮዝ መሆን አለበት፣ ልክ እንደ ልጅሽ ድድ። በጣትሽ ጫን ስትዪው ነጣ ይላል፣ ስትለቂው ሁለት ሰከንድ ሳይሞላ ቀለሙ ይመለሳል። ድዱ ነጭ ወይም እንደ ሻማ የገረጣ ከሆነ ነሐሴ 20ን አትጠብቂ፤ ዛሬውኑ ውሰጂው።

ይህን አጥብቄ የምልሽ ምክንያት አለኝ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ የግቢ ጥበቃ ሠራተኛ ቡችላ በካርቶን ይዞ መጣ። «ትል ነው ዶክተር፣ መድኃኒት ስጠኝ» አለኝ። ከንፈሩን ስገልጠው ድዱ ወረቀት ነበር። ሰገራው ደግሞ ጥቁር፣ እንደ ሬንጅ የሚያጣብቅ። ሁክወርም የሚባለው ትል ነው። ይህ ትል ቀጭን ነው፣ ርዝመቱ ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፣ በዓይን እምብዛም አይታይም። አንጀት ላይ ነክሶ ይጣበቅና ደም ይመጥጣል። ቡችላ ደግሞ ያለው ደም ትንሽ ነው። ያ ቡችላ መድኃኒት ከወሰደ በኋላ ሌሊቱን አላደረም። ሰውዬው ከደመወዙ ወተት ሲገዛለት ነው የከረመው፤ የታየው የተወጠረ ሆዱ ብቻ ስለነበር ጠግቦ የወፈረ መስሎታል። ከዚያ ወዲህ የመጣብኝን ቡችላ ሁሉ ድዱን ሳላይ ሆዱን አልነካም።

ጅራቱ ሥር ያየሽው ሩዝ የሚመስለው ነገር ሌላ ትል ነው። እሱ የኮሶ ትል ዘመድ ነው። ፍሬዎቹ የትሉ ቁራጮች ናቸው፣ አንዳንዴ ሲንቀሳቀሱ ታያለሽ። ሲደርቁ ሰሊጥ ይመስላሉ። ይህ ትል የሚመጣው ከቁንጫ ነው። የቁንጫው እጭ የትሉን እንቁላል ይበላል፣ ቁንጫ ሆኖ ሲያድግ ትሉ በሆዱ አለ፣ ቡችላው ሲያክከው በጥርሱ ነክሶ ቁንጫውን ይውጠዋል። አለቀ። ስለዚህ መከታ ቁንጫ አለበት ማለት ነው። ለወስፋት የሚሰጠው ሽሮፕ ይህን ብዙ ጊዜ አይነካውም። ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት አለው። ሐኪሙ ሁለቱን ያጣመረ ሊሰጥሽ ይችላል። ቁንጫውን ሳታጠፊ ትሉን ብቻ ብታክሚ ግን በሦስት ሳምንት ገደማ ሩዙ ተመልሶ ይታያል። ያኔ በእውነትም «ተመለሰ» ማለት ትችያለሽ።

ለቁንጫው የከብት መዥገር መድኃኒት እንዳትረጪበት። ዲያዚኖን በብዛት የሚገኝ ስለሆነ ሰው ውሻው ላይ ያፈሰዋል፣ ቡችላ ደግሞ ይልሰዋል፣ ይመረዛል። ዕድሜውንና ኪሎውን ጠቅሶ ለቡችላ የተሠራ ጠብታ ወይም ኪኒን ከሐኪሙ ጠይቂ። እስከዚያ በሳሙና እጠቢው፣ በጥቅጥቅ ማበጠሪያ አበጥሪው፣ የያዝሽውን ቁንጫ ሳሙና ያለበት ውሃ ውስጥ ጨምሪ። በጣትሽ አትጭመቂው። አሮጌ ማዳበሪያ ወይም ጆንያ ላይ የሚተኛ ከሆነ እሱን ጣይውና በሳምንት አንዴ በፈላ ውሃ የሚታጠብ ጨርቅ አንጥፊለት። ውሻው ላይ የምታዪው ቁንጫ ጥቂቱ ነው። እንቁላሉና እጩ ያለው መኝታው ውስጥና የወለሉ ስንጥቅ ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ግቢሽ ልምጣ። እኔ ከመድኃኒቱ በላይ የምተማመነው በዚህ ነው።

የወስፋት እንቁላል ትኩስ ሰገራ ውስጥ እያለ ማንንም አያስይዝም። ቡችላውንም፣ ልጅሽንም። አፈር ላይ ወድቆ፣ ሙቀትና እርጥበት አግኝቶ፣ ውስጡ እጭ እስኪያድግ ድረስ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ያህል ይፈልጋል። ብርድ ሲሆን ከዚያም በላይ ይቆያል። ከዚያ በኋላ ግን አፈር ውስጥ ለዓመታት ይኖራል። ክረምቱ፣ በጋው፣ በረኪናው አይገድለውም። እስቲ አስቢው። ለሁለት ሳምንት አንቺ ትቀድሚዋለሽ፣ ከዚያ በኋላ እሱ ይቀድምሻል። ሰገራው በየቀኑ ከተነሳ እንቁላሉ አስያዥ የሚሆንበት ጊዜ አያገኝም። ሁክወርም ፈጣን ነው፣ በሳምንት ገደማ እጩ አፈር ላይ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል፣ በባዶ እግርም ቆዳ በስቶ ይገባል። ስለዚህ «ቅዳሜ ቅዳሜ አጸዳለሁ» የሚለው አይበቃም። በየቀኑ ነው፣ ቢቻል እንደጣለ።

እንዴት ይነሳ? ቡችላ ከበላ ሩብ ሰዓት ገደማ ቆይቶ ይጸዳዳል። ከእንቅልፉ ሲነቃም እንደዚሁ። ያን ጊዜ ሁልጊዜ አንድ ጥግ ላይ ውሰጂው፣ ሊሾው ላይ ይሁን እንጂ አፈሩ ላይ አይሁን። ሲጨርስ አመስግኚው። በሁለት ሦስት ሳምንት ራሱ ወደዚያ መሄድ ይለምዳል። ፌስታል እጅሽ ላይ እንደ ጓንት አጥልቀሽ አንሺው፣ ገልብጠሽ ቋጥሪው፣ ሌላ ፌስታል ደርቢበት፣ ከቆሻሻው ጋር ይሂድ። የጉድጓድ ሽንት ቤት ካላችሁም ያለ ፌስታሉ እዚያ መጣል ይቻላል። ጓሮ አትቅበሪው፣ ለጎመንሽም ማዳበሪያ አታድርጊው። ይህ የአዋቂ ሥራ ነው፣ ለልጅሽ አትስጪው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጎማ ላይ ነው። ሰገራውን ሳያነሱ በውሃ ግፊት ይለቁበታል። ግቢው ንጹህ ይመስላል። እንቁላሉ ግን ወደ ጥጋጥጉ፣ ወደ አፈሩ፣ ወደ አበባው ሥር ሄደ እንጂ አልጠፋም። መጀመሪያ ይነሳ። ከዚያ ሊሾው በሳሙናና በመፈተጊያ ይፈተግ። የእንቁላሉ ላይ የሚያጣብቅ ሽፋን ስላለ መፈተጉ ግድ ነው። መጨረሻ ላይ የፈላ ውሃ አፍስሽበት። እንቁላሉን የሚገድለው ከፍተኛ ሙቀት ነው። ስታፈሺ ልጆቹንም መከታንም በር ዘግተሽ አስገቢያቸው። በረኪና ጨምረሽ እንዳታፈዪው፤ የሚወጣው ሽታ ሳንባ ይጎዳል፣ ለእንቁላሉም ጥቅም የለውም።

አፈሩን ማምከን አይቻልም፣ ይህን እውነቱን ልንገርሽ። የሚቻለው ማራቅ ነው። መከታ እስካሁን ሲጸዳዳበት የነበረውን ቦታ ታውቂዋለሽ። የላይኛውን ጣት የሚያህል አፈር በአካፋ አንሺና አስወግጂ። ጠጠር አልብሺው። ውሃ የሚተኛበት ካለ መውረጃ አብጂለት። ጥላ የሚጥልበትን ቁጥቋጦ ከርክሚ፣ መስከረም ሲጠባ ፀሐይ ይግባበት። በተለይ የሁክወርም እጭ ድርቀትና ፀሐይ አይችልም። ልጆቹ የሚጫወቱበትንና ጎመን ያለበትን ጥግ ደግሞ በሽቦ ወይም ባገኘሽው ነገር አጥሪ።

የጎረቤትሽ ውሻስ? እናቲቱ በአጥሩ ቀዳዳ እየገባች ልጇን የምትጎበኝ ከሆነ፣ የቀሩት ቡችሎችም ካሉ፣ ያንቺ ግቢ ብቻ ቢጸዳ ዋጋ የለውም። ቡና አፍልተሽ ጎረቤትሽን ጥሪያት። አብራችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ፣ ሁሉም በአንድ ቀን ይውሰዱ። «ያንቺ ውሻ ናት ያመጣችብን» ብለሽ እንዳትጀምሪ። እጭ የሌለባት እናት ውሻ እምብዛም የለችም፣ ያለ ትል የተወለደ ቡችላም እምብዛም የለም።

ስለ ልጆቹ። የውሻ ወስፋት ሰው ውስጥ ሲገባ ማደግ አይችልም። አንጀት ውስጥ ተቀምጦ እንቁላል አይጥልም። እጩ ሆኖ በሰውነት ውስጥ ይዞራል። ብዙ ጊዜ ምንም ምልክት ሳያሳይ ያልፋል። አንዳንዴ ግን ትኩሳት፣ ሳል፣ እንደ አስም ያለ ትንፋሽ፣ የሆድ ሕመም ያመጣል። አልፎ አልፎ ዓይን ውስጥ ይገባል። እንደ ፈረንጆቹ በ1950 አሜሪካ ውስጥ አንዲት ተመራማሪ፣ አብዛኞቹ በካንሰር ጥርጣሬ ከልጆች የወጡ 46 ዓይኖችን መረመረች። በ24ቱ ውስጥ የተገኘው የትል እጭ ወይም ቅሪቱ ነበር። ዛሬ ሐኪሞች ይህን ስለሚያውቁ ሳይቸኩሉ ይለዩታል። ለማስፈራራት አይደለም የነገርኩሽ፤ የ3 ዓመት ልጅ አፈር መቃም እንደ ቀላል ነገር እንዳይታይ ነው።

ትንሿን ሕፃናት ሐኪም ጋ ውሰጃት። «ቡችላ አለን፣ ትል ያስታውከዋል፣ ልጄ አፈር ትበላለች» ብለሽ በግልጽ ንገሪው። የእሷ ሰገራ ተመርምሮ ንጹህ ነው ቢሉሽ ይህን ትል አያሳይም፤ የሚታየው በደም ምርመራ ነው። አፈር መቃሟ ራሱ የደም ማነስ ምልክት ሊሆን ስለሚችል እሱም ይታይላት። ዓይኗ ከተንሸዋረረ ወይም በአንድ ዓይኗ እንደማታይ ከጠረጠርሽ ቀጠሮ አትጠብቂ። ቤት ውስጥ ደግሞ ከመብላታቸው በፊትና ከመከታ ጋር ከተጫወቱ በኋላ እጅ በሳሙና፣ ጥፍር አጭር፣ ግቢ ሲወጡ ጫማ። መከታ አፋቸውን አይላሳቸው፣ አልጋቸው ላይ አይውጣ፣ ቢያንስ ታኅሣሥ እስኪደርስ። ማቀፍ፣ መዳበስ፣ ኳስ መወርወር ግን ይቻላል። እሱን አትከልክያቸው።

እንቁጣጣሽ እየመጣ ስለሆነ አንድ ነገር ሳልነግርሽ አላልፍም። በግ ስታርዱ ሳንባና ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። አራጁ «ይሄ ለውሻ ነው» ብሎ ይወረውረዋል። እባክሽ ይህን አስቁሚ። ያ ከረጢት የሌላ ትል እጭ ማኅደር ነው። ውሻ ሲበላው በሰባት ሳምንት ገደማ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል። ትሉ ከ7 ሚሊ ሜትር አይበልጥም፣ ስለዚህ በሰገራው ላይ አይታይሽም። እንቁላሉ ደግሞ እንደ ወስፋቱ ሁለት ሳምንት አይጠብቅም፤ እንደወጣ ያስይዛል። ሰው ሲይዝ ጉበቱና ሳንባው ላይ ልክ በበጉ ላይ እንዳየሽው ያለ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ያበቅላል፣ ዓመታት ወስዶ ያድጋል፣ ብዙ ጊዜ በቀዶ ሕክምና ነው የሚወጣው። በደቡብ ኦሞ አርብቶ አደሮችና በኬንያ ቱርካናዎች ዘንድ በብዛት የታየ በሽታ ነው። አዲስ አበባም ግን በግ የሚታረድበትና ውሻ ያለበት ግቢ ሁሉ መንገዱ ክፍት ነው። ከረጢት ያለበትን ክፍል ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ቅበሩት። ደህናውንም ቢሆን ለመከታ በደንብ ቀቅለሽ እንጂ ጥሬውን አትስጪው። የቅርጫ ሥጋም ከሆነ ለአራጁ ቀድመሽ ንገሪው። በበዓል ቀን ሁሉም ይቻኮላል፣ በኋላ ሰሚ አታገኚም።

ነጭ ሽንኩርቱን ተይው። ትል አይገድልም። ይልቁንም ነጭም ቀይም ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ይሰብራል። ሁክወርም ደሙን እየመጠጠበት ላለ ቡችላ በሽታ ላይ በሽታ ነው። የእናትሽን ኮሶ ደግሞ በክብር መልሺላት። ለሰው ኮሶ ትል ያገለገለ የአባቶች መድኃኒት ነው። ግን ኃይለኛ አስቀማጭ ነው፣ ለቡችላ ልክ የለውም፣ ሰውነቱን አድርቆ ሊገድለው ይችላል።

መድኃኒቱን በወሰደ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ትል ሲወጣው ብታዪ አትደንግጪ፣ እንዲወጣ ነው የሰጠነው። ሰገራው ለስለስ ሊልም ይችላል። ትሉ ሁሉ አልቆ ተቅማጡ ካልቆመ ግን ለሐኪሙ መልሰሽ ንገሪው። ጃርዲያና ኮክሲዲያ የሚባሉ በዓይን የማይታዩ ተውሳኮች አሉ፣ ክረምት ላይ ቡችላን ያስቸግራሉ፣ መድኃኒታቸውም ሌላ ነው። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ፣ ተደጋጋሚ ትውከት፣ ምግብ እንቢ ማለትና መደበት አንድ ላይ ከመጡ ደግሞ ትል ነው ብለሽ አትጠብቂ። ፓርቮ የሚባለው የቫይረስ በሽታ ሊሆን ይችላል። ፓርቮ ቡችላን በቀናት ይጨርሳል፣ የትል መድኃኒትም አይነካውም። ክትባት አለው፤ መከታ ወስዶ እንደሆነ አልጻፍሽልኝም፣ ካልወሰደ ነሐሴ 20 ጠይቂ።

ጳጉሜ 4 ስትመለሺ ልክ 3 ወር ይሞላዋል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን ያን ቀን ማስወጋት ትችያለሽ፣ አንድ መንገድ ሁለት ጉዳይ። ከተማው ውስጥ ለሰገራ ምርመራ የሚሆን ክሊኒክ ካጣሽ ቢሾፍቱ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ የማስተማሪያ ሆስፒታል አለው።

ለባለቤትሽም ይህን ደብዳቤ አስነብቢው። እስከ ጳጉሜ 4 ጊዜ እንዲሰጥሽ ለምኚልኝ። ጠዋት ጠዋት ፌስታሉን እሱ ቢይዝ ደግሞ የበለጠ ደስ ይለኛል። አንቺም የነሐሴ 20ንና የጳጉሜ 4ን ኪሎ፣ የድዱንም ቀለም ጽፈሽ ላኪልኝ።